የጨፌ ሠፈር ቆጠራ

በኮሌጁ አዲስ በራሪ ወረቀት ላይ ሪሃብ ከፊት ቆማለች። ፎቶ አንሺው ሻርቧን እንዳታወልቅ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቋታል፤ እሷ ደግሞ ለማውለቅ አስባም አታውቅ። ከጎኗ ጥዑመ ልሳን ነጠላ አጣፍቶ ይታያል። ከሐይቁ ገዳማት ባንዱ ያደገ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ግን በነጠላ መጥቶ አያውቅም። ነጠላውን ለፎቶው ሰጡት፤ ከፎቶው በኋላም መልሰው ወሰዱት። ከራሳቸው በላይ በወፍራም ፊደል «ሁሉም የሚማርበት ቤት» የሚል ተጽፏል። የክፍያው ዝርዝር ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ ፊደሉም መነጽር የሚጠይቅ ዓይነት ነው።

የከተማ ጥናት ትምህርት ክፍል ባሕር ዳር ላይ ሲከፈት ሰማንያ ተማሪ ይጠበቅ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ መጣ። ከእንፍራንዝ የመጣው ልጅ ሁለተኛው ዓመት ላይ ክፍያው አንቆት ወደ እርሻው ተመለሰ። ከማክሰኝት የመጣችው ለዕረፍት ሄዳ መንገዱ ተዘጋና በዚያው ቀረች። አራተኛ ዓመት ሲደርሱ ሰባት ሆነው ነበር፤ አምስቱ ወላጆቻቸው ሕንፃ የሚያከራዩ የከተማ ልጆች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ፣ ሪሃብና ጥዑመ ልሳን፣ «ልዩ ወንበር» በሚባለው የሚማሩ ነበሩ። ልዩ ወንበር ማለት ከማይማሩ ወገኖች ለመጣ ሰው ክፍያው ይነሣለታል ማለት ነው። የሚነሣው ግን በየመንፈቁ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፍቅረ ማርያም በሚፈርሙት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ካልተፈረመ ወንበሩም የለም፤ እንዲያውም ያለፈው ሁሉ ክፍያ ተመልሶ ይጠየቃል።

ወንበሩ ነፃ ነው ቢባልም ምዝገባው ነፃ አልነበረም፤ ኅትመቱም፣ የመስክ ጉዞውም፣ ላፕቶፑም እንደዚያው። የሪሃብ አባት ዓብደላ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ አንድ ታንኳ ዓሣ አጥማጅ እጅ እስኪያደርስ ጀርባው ይጎብጣል። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ታንኳ ለምዝገባ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ላሚቱ ለላፕቶፑ ሄደች። ዘንድሮ የሚሸጥ ነገር አልነበረም፤ ደግነቱ የቀረው አንድ መንፈቅ ብቻ ነው።

ጨፌ ሠፈር ከሐይቁ ዳር፣ ሆቴሎቹ ካለቁ በኋላ፣ ደንገሉ ሲጀምር ያለ ሠፈር ነው። አርባ ሦስት ቤት አለው። የከተማው ሰው በጀልባ ሲያልፍ ፎቶ ያነሣዋል፤ በእግሩ ግን አይመጣም። ሪሃብ ከዚያ ሠፈር ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ስትገባ ሠፈሩ በሙሉ መንገድ ድረስ ሸኝቷት ነበር፤ በጉብዝናዋ ነው የገባችው ብለው። ጎበዝ መሆኗ እውነት ነው። ስለ ደብዳቤው ግን ከአባቷ በቀር ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ትንሽ ኩራት ነበረባት፤ ማን የለበትም?

ጥቅምት ሲገባ ዶክተር ፍቅረ ማርያም ለመመረቂያ የሚሆን ሥራ አደሉ። ሐይቁን ተከትሎ የሚሠራ መናፈሻ አለ፤ ያዘዘው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሥራው በፊት በቦታው ያሉትን ቤቶች ማስቆጠር ይፈልጋል። ሰው የሚኖርበት ቤት ምትክ ቦታና ካሳ ያገኛል። የተተወ ቤት ግን ቤት አይባልም፤ ይነሣል፤ አለቀ። ጨፌ ሠፈር ለሪሃብና ለጥዑመ ልሳን ደረሰ። «የሠፈሩ ልጅ እያለች ሌላ ሰው መላክ ነውር ነው» አሉ ዶክተሩ። ሪሃብ ደስ አላት። 

ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ሙሉ ነው። የጨፌ ሰዎች ውኃው ደጃፍ ሲደርስ ዕቃቸውን ተሸክመው ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ከፍታ ላይ ይወጣሉ፤ በላስቲክና በሰሌን ተጠልለው ውኃው እስኪመለስ ይቆያሉ። ሲወጡ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የቤቱን በር ነቅሎ ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ደንገልና ጭቃ ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። በሩ ግን የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ። በሩን ይዞ የወጣ ሰው የሚመለስ ሰው ነው፤ በሩን ትቶ የሄደ ነው የማይመለሰው። ይኼን በጨፌ ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል።

ሪሃብና ጥዑመ ልሳን ሱሪያቸውን ጠቅልለው በውኃው ውስጥ ሲሄዱ አርባ ሦስቱም ቤቶች አፋቸውን ከፍተው ቆመው ነበር። ጥዑመ ልሳን ቅጹን በላስቲክ ሸፍኖ የመቁጠሪያውን መመሪያ ጮክ ብሎ ያነብባል። ዓሣ እግሩን ሲነካው ጮኾ ዘለለና ሪሃብ ሳቀችበት። «ያንተ አባት ደሴት ላይ አይደል ያሳደጉህ?» አለችው።

«ያደግሁት ቅኔ ቤት ነው እንጂ ውኃ ውስጥ መሰለሽ?» አለና ንባቡን ቀጠለ። ሰባተኛው ተራ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። «መዝጊያ የሌለው ቤት እንደ ተተወ ይመዘገባል።»

ሪሃብ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዞራ ቤቶቹን አየች፤ የራሷን ጨምሮ። ውኃው በመቃኖቹ መካከል ገብቶ በጓሮ በኩል ይወጣል። ነፋስም አልነበረ፤ እሷን ግን በረዳት።

ዶክተር ፍቅረ ማርያም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይኼን ማለት ያስፈልጋል። ተማሪ ታመመ ሲባል ብርቱካን ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሪሃብ ቢሯቸው ገብታ የበሩን ነገር ስታስረዳቸው አገጫቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ደስ የሚል ባህል ነው» አሉ። «መመሪያው ግን ምን ይላል?»

«መመሪያው የተጻፈው ለሌላ አገር ነው፣ ዶክተር። እኛ ጋ በር የሌለው ቤት የተተወ ማለት አይደለም።»

«መመሪያ አገር የለውም፣ ሪሃብ። መመሪያ የሆነውም ለዚሁ ነው። መመሪያውን ላንቺ ሠፈር ካላላሁት ነገ ርሆቦት ለአባቴም ሕንፃ ያላሉልኝ ትለኛለች።» ርሆቦት ከአምስቱ የሕንፃ ልጆች አንዷ ናት። «ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቅዳሜ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ አረጋጋጭ ይመጣል። በር የተገጠመበትና ሰው የተገኘበት ቤት ሁሉ የሚኖርበት ተብሎ ይታረማል። ሰዎችሽን አነጋግሪያቸው።»

አመስግና ልትወጣ ስትል ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማኅደር በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «የመንፈቁ ደብዳቤያችሁ እዚህ ነው። ያንቺም የጥዑመ ልሳንም። ከተፈረመው ቅጽ ጋር አንድ ላይ እፈርማቸዋለሁ።» ይኼን ሲሉ ፈገግ ብለው ነው። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ ተቆጥቶ የተናገረ ሰው ኋላ ሊጸጸት ይችላል።

በዚያው ቀን ከዐሥር ሰዓት በኋላ መስጊዱ ጀርባ ወጣች። ለቅዳሜ የቀሩት ሁለት ቀኖች ናቸው። ታንኳ ሠሪዎቹ ደንገል እየጠመጠሙ ተቀምጠው ነበር፤ በሮቹ በየላስቲኩ ቤት ተደግፈው ቆመዋል። ሪሃብ የመጣችበትን ነገረቻቸው። ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ፣ ለአንዲት ሰዓት ብቻ፣ በሮቻችሁን ገጥማችሁ ደጃፋችሁ ቁሙ አለች።

ሁሉም ወደ ሼህ ሙሐዲን ዞሩ። ሼህ ሙሐዲን የሠፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሪሃብ ስትወለድ ስሟን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ» አሉ፣ እጃቸው ከደንገሉ ሳይላቀቅ፣ «ውኃው ቤት ውስጥ እያለ በር አይገጠምም። ትንሽ ሆነሽ ነው፣ አታስታውሺውም። አንዱ ተቻኩሎ ገጠመ። ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። በር የሌለው ቤት ማዕበሉን ባንድ በኩል ተቀብሎ በሌላው ያሳልፈዋል፤ በር ያለው ግን ይዞት ይቆማል። እስከ መቼ ይቆማል? ቤቱን ከነሚስቱ ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው።»

«አንዲት ሰዓት ብቻ ነው፣ ሼህ። ጠዋት ነው፣ ነፋስ የለም።»

«ነፋሱ ላንቺ ነግሮሻል?» አሉና ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ ሼሁም ሳቅ አሉ። «ደግሞስ ምን አስጨነቀሽ? ብዕሩ ባንቺ እጅ አይደል? አለን፤ ወጣን፤ ልንመለስ ነው። እንዳለነ አርገሽ ጻፊ። እኛ ልጅ ያስተማርነ ለዚህ አይደለም?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ሰዎቹ፤ ፊታቸው ሁሉ ፈካ። ከጨፌ የራሳቸው ጸሐፊ የሚወጣበት ቀን መጣ ማለት ነው።

ሪሃብ መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ብዕሩ በእጄ ነው፣ እጄ ግን በሰው እጅ ነው ማለት ነበረባት። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ልዩ ወንበሩ፣ በጉብዝና ብቻ ስላልገባችበት ኮሌጅ። አፈረች፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። እሺ ብላ ተነሥታ ሄደች፤ እነሱም እሺታዋን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠሩት።

አባቷ ተከትሏት ወጣ። ዓብደላ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሲናገርም ወደ ሐይቁ እያየ ነው።

«ደብዳቤው ከዚህ ጋር ተያይዟል?»

አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ሰው ፊት ለምን አልተናገርሽም?»

«አፈርሁ፣ አባ።»

«እኔ እገጥማለሁ» አለ። «አንድ ሰው ሲገጥም ካዩ ይከተላሉ። ሰው እንዲህ ነው።»

አይሆንም ማለት ነበረባት። ስለ ነፋሱ የሰማችውን እሱም ያውቃል፣ ከሷ ይልቅ ያውቃል። ግን አንድ መንፈቅ ብቻ ቀርቷት ነበር፣ አምስት ታንኳና አንዲት ላም ከኋላዋ ነበሩ። «አላህ ይስጥህ» አለችው እንጂ አልከለከለችውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዓብደላ በሩን ጀርባው ላይ አዝሎ ወደ ውኃው ወረደ። ጥዑመ ልሳን መጥቶ መቃኑን ይዞለት ነበር፤ ሪሃብ ሳንቃውን ከሥር ደገፈች። ውኃው ከጉልበት በላይ ነው። ከፍታው ላይ ሰዎቹ ቆመው ያዩዋቸዋል፤ የሚጠራ የለም፣ የሚሳደብም የለም፣ የሚወርድም የለም። በሩ ገጥሞ ሲዘጋ በጓሮ የሚወጣው ውኃ ቆመና ደጃፉ ላይ መሽከርከር ጀመረ፤ ቤቱም አንዴ ተንቋቋ። ዓብደላ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ አደረገው፣ በሬ እንደሚያባብል ሰው።

«ከጠዋት በፊት አልወጣም» አለ። «ቶሎ ሊመጡ ይችላሉ። ሰው ካልተገኘ ምን ዋጋ አለው?» ከፍ ባለው መደብ ላይ ተቀመጠና ሪሃብን በእጁ ሂጂ አላት። ሪሃብ ከፍታው ላይ ስትወጣ ሰዎቹ አላነጋገሯትም። ሁለት ሦስት ሰው የየራሱን በር አየት አድርጎ ነበር፤ ሼህ ሙሐዲን ግን ደንገላቸውን ይጠመጥሙ ነበርና ማንም አልተነሣም።

ያን ሌሊት ቤቱ ውስጥ ምን እንደ ነበር ዓብደላ ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ግን ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር፤ ውኃውም መደቡን ነክቶት ነበር።

አረጋጋጩ ሁለት ሰዓት ላይ ከዶክተር ፍቅረ ማርያም ጋር በባጃጅ መጣ። ትሑት ወጣት ነው፤ አዲስ ቦቲ ጫማ አድርጓል። ከፍታው ላይ ቆሞ ሠፈሩን ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ወረደና ከነጫማው ውኃ ውስጥ ገባ፤ ቤት ለቤት እየዞረ በየመቃኑ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል። ሪሃብ፣ ጥዑመ ልሳንና ዶክተሩ ይከተሉታል። ከሐይቁ በኩል ቀጭን ነፋስ መንፈስ ጀምሯል። የዓብደላ ቤት ሲደርሱ በሩን አንኳኳ፤ ዓብደላ ከፈተ፣ ሰላም አለ፣ ግቡ አለ። አረጋጋጩ ከልቡ ደስ ብሎት እጁን ጨበጠው፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ደረቱ ላይ በያዘው ሰሌዳ መጻፍ ጀመረ።

«ጥሩ ሆነ» አለ ለሪሃብ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ከላይ ሆኜ ሳየው ሠፈሩ በሙሉ ውኃውን ሸሽቶ የወጣ መስሎኝ ነበር። በሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲጠፋ እንግዳ ነገር ነው። ሁሉም ተመላሽ ነው፣ ቆጠራው ለጥር ይተላለፍ ብዬ ልጽፍ ብዕር አውጥቼ ነበር። ይኼን ቤት ሳይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ለካ መኖር የፈለገ ሰው ውኃም ቢኖር በሩን ገጥሞ ይኖራል።»

ሪሃብ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። «አይደለም!» አለች። «ሁሉም ተመላሽ ነው! መጀመሪያ ያሰቡት ነው ልክ። ይኼን በር ያስገጠምሁት እኔ ነኝ፣ ለምኜው ነው፣ ለዛሬ ብቻ!»

አረጋጋጩ ግራ ገብቶት ዶክተሩን አየ። ዶክተሩ በሀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያ ይኼም የተተወ ነው?» አለ አረጋጋጩ። ሊያጠምዳት አልነበረም፤ በቅንነት ነው የጠየቃት፣ ብዕሩን ይዞ። «ለማስመሰል ከሆነ ይኼንንም ልሰርዘው ነው። የሌሎቹ መመለስ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ የተነቀለ በር በመመሪያው ማስረጃ አይሆንም። ምን ልበል? ይሰረዝ?»

ሪሃብ ወደ በሩ አየች። አባቷ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ውኃው እየተንቦጫቦጨ ነው፣ የሚሉትንም አይሰማም። ይሰረዝ ብትል አርባ ሦስቱም ይሄዳሉ። ዝም ብትል አርባ ሁለቱ ይሄዳሉ። ከሁለቱ የከፋው የትኛው እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልሰጧትም፤ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ተጻፈ።

«እዚህ ላይ ፈርሚ» አሉ ዶክተር ፍቅረ ማርያም ሰሌዳውን ተቀብለው ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያሳረፉ። ከዚያ ወደ አረጋጋጩ ዞረው እንደሚመርቅ ሰው ፈገግ አሉ። «የሠፈሩ ልጅ የፈረመችበትን ማን ይከራከረዋል?»

ልዩ ወንበሩ ለምን እንደተሰጣት ሪሃብ በአራት ዓመት ያልገባት ነገር ያን ጊዜ ገባት። ምናልባት እንዲህ ታስቦ አልተሰጣት ይሆናል፤ የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ማንም ሳያስበው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ጥዑመ ልሳን ጠጋ ብሎ «አንቺ ከፈረምሽ ነው የምፈርመው» አላት በሹክሹክታ። ድምፁ ውስጥ «አትፈርሚ»ም «ፈርሚ»ም ነበሩበት፤ የሱም ደብዳቤ እዚያው ማኅደር ውስጥ ነው። ሪሃብ አራት ዓመት ሙሉ ጣት ባመለከተበት ሁሉ ስትፈርም ኖራለች፤ ለምዝገባው፣ ለመታወቂያው፣ ለፎቶው፣ ለወንበሩ። እጇ ከሷ ቀድሞ ፈረመ። ጥዑመ ልሳን ከሥሯ ፈረመ።

ባጃጁ እንደሄደ ነፋሱ በረታ። የሠፈሩ ሰዎች ከከፍታው ወርደው ውኃው ዳር ተሰለፉ፤ ሼህ ሙሐዲን ከፊት ነበሩ። ዓብደላ ከቤቱ ወጥቶ ማዕበሉን በደረቱ እየገፋ መጣና ሪሃብ አጠገብ ደረሰ።

«ምን አሉ?» አላት።

«አንድ ቤት ቆጠሩ፣ አባ። የኛን።»

ዓብደላ ነገሩን በሆዱ አዟዟረው። «እኔ ባልገጥም ኖሮስ ምን ሊሉ ነበር?»

ልትነግረው ትችል ነበር። የጠቆረ ከንፈሩን አየች። «ያው ነበር» አለችው። «ሁሉንም የተተወ ሊሉ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ዓብደላ፤ ፊቱ በራ። «እንግዲያ ደግ አደረግሁ።» ወዲያው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ዳር ለቆሙት ተጣራ፤ በሕይወቷ ሙሉ አባቷ እንዲህ ሲጮኽ ሰምታ አታውቅም። «የኛ ተረፈ! ልጄ አተረፈችው!»

ነፋሱ ድምፁን እንዳልወሰደው ሪሃብ ከሰዎቹ ፊት አወቀች። ሼህ ሙሐዲን ውኃውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ረግጠው ወደ ፊት መጡና ስም ያወጡላትን ልጅ ትክ ብለው አዩዋት።

«የሌሎቻችንስ?» አሉ።

ሪሃብ የተገጠመውን በር ዞራ አየች።

«ፈርመሽበታል?»

«ፈርሜያለሁ።»

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የጠበቀው ዋጋ እንደተነገረው ገዢ። «አንድ ቤት ሠፈር አይባልም» አሉ። «አባትሽን ይዘሽ ከተማ ግቢ።» ዞረው ሄዱ፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ዓብደላ እጁ ገና ከፍ እንዳለ «ምን አሏት?» እያለ አጠገቡ የቀረውን ጥዑመ ልሳንን ይጠይቅ ነበር።